የሰያፊው ልመና

ያን ፊልም ያየ ሰው፣ አደባባይ መሃል ተንበርክካ ከጀርባዋ የምትታይ ጥቁር የለበሰች ሴት ትዝ ትለው ይሆናል። እኔ ነኝ። ፊቴ አይታይም፤ ቢታይስ ምን ያደርጋል? አገር ቤት ያሉት ግን ጉድ አሉ። የአክስቴ ልጅ ደውላ «ዓይኑዬ፣ ተዋናይ ሆንሽ አሉ፣ እኛንም አትርሺን እንጂ!» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። አላወቀችም፣ ምን ታድርግ። ያን ጊዜ ግን መሳቅ የሚችል ሰው ሁሉ ያናድደኝ ነበር።

ስሜ ዓይናለም ነው፣ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር፣ መዳም ኻሊዳ ቤት ከገባሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ። መዳም ባሏ የሞተባት፣ በእናቷ የመናዊት የሆነች ሴት ናት። ክፉ አይደለችም፣ ብቻ እጇ ሥራ አይወድም። ቤቷ ሰፊ ስለሆነ ክፍሎቹን ለፈረንጅ ታከራያለች፤ አልጋ የማነጥፈው፣ ቁርስ የማቀርበው፣ አንሶላ የማጥበው እኔ። ዓረብኛውንም ፈረንሳይኛውንም እዚያው ማድቤት ነው የለቀምኩት። ጻፊ ብትሉኝ አልችልም፣ ለመጨቃጨቅ ግን ይበቃኛል።

ባለፈው ዓመት ሙቀቱ ሲጀምር ፊልም ሠሪዎቹ መጡ። አንድ ፈረንሳዊ ዳይሬክተር፣ ካሜራ የሚሸከሙ ጎረምሶች፣ ከቱኒዝያ የመጣ አንድ ዋና ተዋናይ። መዳም ቤቱን እንዳለ ለቀቀችላቸው። ከነሱ ጋር አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጭ ጀለቢያ የሚለብሱ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ሁሉም «አቡ አኒስ» ይሏቸዋል። ደረጃ እንዳይወጡ ብለን ከታች ከማድቤቱ አጠገብ ያለውን ክፍል ሰጠናቸው። በልተው ሲጨርሱ ሳህናቸውን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ፣ «አላህ እጅሽን ይባርከው» ይሉኛል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሳህን ያመጣልኝ እንግዳ አላየሁም፤ ቶሎ ወደድኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ሙሚን ማድቤት ገባ። ሙሚን የፊልሙን ጉዳይ የሚያስፈጽም የጅቡቲ ልጅ ነው፤ ድሬዳዋ ስለተማረ አማርኛው ከኔ ይበልጣል።

«እኚህ ሰውዬ ምንድን ናቸው? ሼህ ናቸው?» አልኩት።

«አታውቂም እንዴ? ፊልሙ እኮ የሳቸው የሕይወት ታሪክ ነው።»

«ምን ሠርተው ነው ፊልም የሚሠራላቸው?»

እጁን አንገቱ ላይ ሳብ አደረገ። «ሰያፊ ነበሩ። ዓረብ አገር። ሠላሳ አምስት ዓመት አንገት ሲቆርጡ ኖረው አሁን ጡረታ ወጡ።»

ለሳቸው ሻይ እያፈላሁ ነበር። አንስቼ እንዳለ ገንዳው ውስጥ ደፋሁት። «ኧረ በስመአብ! አንገት ቆራጭ ነው እንዴ ስቀልብ የሰነበትኩት?» አልኩ። ሙሚን ሳቀ። እዚያው አገር ላይ እንዳይቀርጹ ስለተከለከሉ፣ ሙቀቱም አሸዋውም ሚናራውም ስለሚመሳሰል እዚህ እንደመጡ፣ ጋቦዴ የሚባለው ሰፈር ባዶ ቦታ ላይ አደባባይ እንደሠሩ፣ ሽማግሌው ደግሞ ለተዋናዩ ሥራውን ሊያሳዩት እንደመጡ ነገረኝ። «አሁን ልጃቸው አኒስ ነው የያዘው። ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚሄደው» አለ።

«የትኛው ዓረብ አገር?» አልኩት።

ነገረኝ። የአገሩን ስም አልጠራውም፤ በአፌ ሳልጠራው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የሩዝ ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ። ሙሚን ደንግጦ ውሃ ሰጠኝ። እህቴ ዮሳዲቅ እዚያ አገር ሞት ተፈርዶባት እስር ቤት ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዛው የወጣው ለኔ ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ፓስፖርቴ ተሠርቶ፣ ሻንጣዬ ታስሮ፣ ምርመራ ላይ ሳንባዬ ጠባሳ አለበት ተባለ። እናቴ አለቀሰች። ደላላው «ምን ያስለቅሳችኋል፣ ታናሿ ቁርጥ እሷን አይደለች? በሷ ስም ትመርመርና ትሂድ» አለ። ዮሳዲቅ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እሰይ አልን። እኔ ራሴ ነኝ ፓስፖርቱን እጇ ላይ ያስቀመጥኩት፣ እኔ ነኝ «ስምሽን ሲጠሩ ዓይናለም ብለሽ አቤት በይ» ብዬ ያስጠናኋት። እኔን አፈር ይብላኝ። እሷ በኔ ስምና በኔ ዕድሜ ሄደች፣ እኔ በመኪና ጅቡቲ ገባሁ።

የተቀጠረችበት ቤት ስትደርስ ደግሞ ዓይናለም ለአፋችን አይመችም ብለው ሰብሪና አሏት። ቤቱ ውስጥ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፣ ባሺር የሚባል። እሷ ናት ያሳደገችው። ካላጎረሰችው አይበላም፣ ጀርባዋ ላይ ካልሆነ አይተኛም። ሦስት ዓመት እንደዚያ ሆነ። አንድ ቀን የልጁ እናት ከደረጃ ወድቃ ሞተች። ገፍታ ነው የጣለቻት አሉ። ዮሳዲቅ አልገፋሁም አለች፣ ጣቢያ ሰንብታ ገፍቻለሁ ብላ ፈረመች። እኔ አልገፋችም ብዬ አምናለሁ፤ ዝንብ የማትገድል ልጅ ናት። ያን ጊዜ አሥራ ሰባቷ ነበር። ገና ልጅ ናት ብለን ቆንስላ ብንጮህ «ወረቀቱ ሃያ ሦስት ይላል» አሉን። የኔ ዕድሜ ነበር።

የዚያ አገር ሕግ የሟች ቤተሰብ ይቅር ካለ ሰይፉ ይቀራል ይላል። ከወራሾቹ አንዱ እንኳ ይቅር ካለ ይበቃል። ባልየው እምቢ አለ። እናትና አባቷ እምቢ አሉ። የቀረው ልጁ ነው፤ ሕፃን ስለሆነ ግን ቃሉ አይያዝም፣ አድጎ ራሱ እስኪናገር ይጠበቃል ተባለ። ስለዚህ ጠበቅን። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ እስኪያድግልን ጠበቅን። ዮሳዲቅ በወር አንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ ስልክ ይሰጧት ነበር፤ ፊልም ሠሪዎቹ ሊመጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ደውላ «ዓይኑ፣ ባሺር አሥራ ስምንት ሞላው! ሰሞኑን ይጠይቁታል» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበር። «እኔ ያሳደግኩት ልጅ አይገድለኝም» አለች።

እኔ ግን የማውቀው ነገር ስላለ እንቅልፍ አጣሁ። ካርቲየ 2 ሰፈር ሱቅ ያላት ሙንተሃ የምትባል የሐረር ልጅ ወዳጄ አለች፤ ከዮሳዲቅ በኋላ እዚያው ቤት ገብታ ስምንት ወር ሠርታለች። የነገረችኝ ይህ ነው። ልጁ ሰብሪና የት ሄደች እያለ ሲያለቅስባቸው «አገሯ ገባች» ብለውታል። እናቱን የገደለችው ደግሞ ዓይናለም የምትባል ሌላ ሠራተኛ ናት ብለውታል። ታዲያ ነገ ዳኛው ወረቀቱን ይዞ «ዓይናለምን ይቅር ትላለህ?» ሲለው ምን ሊል ነው? ሰብሪና መሆኗን በምን ያውቃል? የሚነግረው ሰው ቢገኝ በቃ፣ እህቴ ትተርፍ ነበር። ቆንስላውን ለመንኩ፣ «ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር አንችልም» አሉኝ። ሙንተሃ በቲክቶክም በምኑም ፈለገችው፤ በዚያ ቤተሰብ ስም ባሺር የሚባል መዓት ነው። ለሁሉም ጻፍንላቸው። ግማሾቹ አላዩትም፣ ግማሾቹ ብሎክ አደረጉን፣ አንዱ ላግባሽ አለኝ።

ሙሚን ሌላ ቀን ተመልሶ መጣ። «ዓይኑ፣ አንዲት ሀበሻ ሴት ትፈለጋለች። ሽማግሌው ከሰየፏቸው ሰዎች መሃል የቤት ሠራተኛ አለችበት። የዚህ አገር ሴቶች ሟርት ይሆንብናል ብለው እምቢ አሉን። መንበርከክ ብቻ ነው፣ ፊትሽ ይሸፈናል።»

«ሂድ ወዲያ! እናትህን አንበርክክ!» አልኩት። ወጣ። ትንሽ ቆይቼ ግን በረንዳው ላይ ተከትዬ ጠራሁት። እህቴ ያን ቀን የምታየውን ማየት ፈለግኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሰኞ ጋቦዴ ወሰዱኝ። አደባባዩን በጣውላና በጂብሰም ሠርተውታል፣ በአንድ በኩል ለሟች ቤተሰብ ድንኳን ተተክሏል። ጥቁር ዓባያ አለበሱኝ፣ ዓይኔን በጨርቅ አሰሩልኝ፣ አንበረከኩኝ። የማየው ነገር የለም። እህቴም የምታየው ነገር አይኖርም ማለት ነው። የተዋናዩ ጫማ አሸዋውን እየረገጠ ወደኔ ሲመጣ ሰማሁ፣ አንገቴ በራሱ ጊዜ ትከሻዬ ውስጥ ገባ።

«ቁም!» ብለው ጮኹ አቡ አኒስ። «ልመናውን ረሳኸው!»

ዳይሬክተሩ የምን ልመና ብሎ ጠየቀ። ሙሚን እያስተረጎመ ሽማግሌው ነገሩት። ሰያፊ ዝም ብሎ አይመታም። በመጀመሪያ ሰይፉን መሬት ያስቀምጣል፣ ባዶ እጁን ወደ ድንኳኑ ይሄዳል፣ ለሟች ቤተሰብ ጎንበስ ብሎ «ለአላህ ብላችሁ ይቅር በሉ» ይላቸዋል። ሦስት ጊዜ። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ዳኛውም የአገር ሽማግሌውም፣ ለምኖ ካበቃ በኋላ የመጨረሻው ለማኝ እሱ ነው። «በዚህች ልመና ስድስት ነፍስ አትርፌያለሁ» አሉ። «የገደልኩትን አልቆጠርኩም፤ ያተረፍኩትን ግን በስማቸው አውቃቸዋለሁ።»

ዳይሬክተሩ ደስ ብሎት አጨበጨበ፤ ለፊልሙ ጥሩ ነገር አገኘ። እኔ ጨርቁ ውስጥ ሆኜ ሌላ አሰብኩ። ከልጁ ጋር ፊት ለፊት ቆሞ መናገር የሚፈቀድለት ሰው አለ። የዚያ ሰው አባት ከኔ ማድቤት አጠገብ ይተኛሉ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ስለሚገባ ሁሉም ሥራ አቁሞ ተበተነ። ቤት ገብቼ ሻይ አፈላሁ፣ ይዤ ክፍላቸው ገባሁ፣ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አንገት ቆራጭ ቢሆኑም ሽማግሌ ናቸው፣ አስተዳደጌም ነው፣ አንቱ እያልኩ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ፓስፖርቱን፣ ሰብሪናን፣ ባሺርን። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎት። ልጅዎት አኒስ ያን ልጅ ሲለምን ‹ሰብሪና ናት› ይበለው። ሁለት ቃል ናት!»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ከልመናው ሌላ ቃል አይጨመርም። ማን ናት፣ ምን አደረገች፣ ደግ ናት ክፉ ናት አይባልም። አንድ ቃል ከጨመርን ነገ ሰያፊው ጉቦ በልቶ ነው ይባላል፣ ልመናውን የሚሰማው ሰው ይጠፋል። አባቴ አልጨመረም። እኔም አልጨመርኩም።»

«ቢጨምሩ ኖሮ ስድስት ሳይሆን ስድሳ ያተርፉ ነበር!» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ መዳም ከላይ ምንድን ነው ብላ ተጣራች። ምንም አይደለም አልኳት።

«ከዕድሜ ልክ ሥራዬ ንጹሕ የቀረችልኝ እሷ ልመና ብቻ ናት» አሉኝ ሽማግሌው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አንጀቴን አልበሉትም። ሻዩን ሳይጠጡት አንስቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ ቀረጻው ተጀመረ። ሰባት ጊዜ አንበረከኩኝ። አንዴ ብርሃኑ አልመጣም፣ አንዴ ከኋላ አውሮፕላን ጮኸ፣ አንዴ ተዋናዩ ረሳ። በስድስተኛው ላይ ዳይሬክተሩ በሙሚን በኩል «ትንቀጠቀጥ፣ እንዲያ ሲሆን ጥሩ ነው» አለኝ። እየተንቀጠቀጥኩ ነበር እኮ፣ የሙቀቱ መስሎት ነው። በሰባተኛው ላይ ተዋናዩ ሰይፉን አስቀምጦ ድንኳኑ ዘንድ ሄዶ ሦስት ጊዜ ለመነ፣ ከዚያ ተመልሶ ከኋላዬ ቆመ። ያን ጊዜ እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከነሽፋኔ «ሰብሪና ናት! ባሺር፣ ሰብሪና ናት!» ብዬ ጮህኩ። ዳይሬክተሩ «ኩፔ!» ብሎ ተቆጣ። ካሜራው ቆመ። ሙሚን ምን ሆንሽ እያለ ሊያነሳኝ ሲሞክር አቡ አኒስ ቀድመውት ደረሱ፣ በዚያ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው ጨርቁን ከዓይኔ ፈቱልኝ።

«ተነሺ። ነዪ» አሉኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ገባን። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፣ እንድሰማም ድምፁን ከፍ አደረጉት። አኒስ አነሳ። ሰላምታቸው አያልቅም፤ ጤናህ፣ ልጆችህ፣ ሚስትህ፣ ግመሎቹ። ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ሽማግሌው «አኒስ፣ የሴቶቹ እስር ቤት ዓይናለም የምትባል ሀበሻ አለች?» አሉት።

«አባቴ፣ እንዴት አወቅካት?» አለ አኒስ። «የዚህ ዓርብ ናት።»

ስሜ ነው የተጠራው። ስሜንና ዓርብን አብረው ሰማኋቸው። ወንበሩን ያዝኩ። ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«ልጁስ ተጠየቀ?»

«ፍርድ ቤት ጠይቆታል። እምቢ ብሎ ፈርሟል። የቀረችው የኔዋ ልመና ናት።»

እምቢ ያለው ዓይናለምን ነው አልኩ በልቤ። ሰብሪናን አይደለም፣ ማን እንደሆነች ገና አያውቅም።

«ስማኝ፣ ዓርብን አትጠብቅ» አሉት አቡ አኒስ። «ሐሙስ ቤቱ ሂድ። ብቻውን አግኘው። ያቺ ሴት ሰብሪና ናት በለው፣ ያሳደገችህ ሰብሪና ናት በለው። ከዚያ ለምነው።»

«አባቴ፣ ቃል አይጨመርም ያልከኝ አንተ እኮ ነህ።»

«እኔ ነኝ። አሁንም ጨምር የምልህ እኔው ነኝ።»

አኒስ «እሺ» አለ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ ያንኑ የሚያማቸውን። «ተዪ፣ ተዪ» ይሉኛል።

ረቡዕ ዳይሬክተሩ ሐሳቡን ለወጠ። ልመናው በጣም ስለማረከው በፊልሙ ውስጥ ቤተሰቡ ሠራተኛዋን ይቅር እንዲላት አደረገ። እኔን ሲያንበረክኩኝ ድንኳኑ ውስጥ የሟች አባት የሆነው ሰውዬ ተነስቶ «ይቅር ብያለሁ!» ይላል፣ ተዋናዩ ሰይፉን ወርውሮ ያነሳኛል፣ የተሰበሰበው ሰው አላሁ አክበር እያለ ይጮኻል። አራት ጊዜ ይቅር ተባልኩ። በየጊዜው አለቀስኩ፤ ዳይሬክተሩ ድንቅ ነው አለ። ሙሚን ታሪኬን ነግሮት ኖሮ ደግሞ ማታ ራት ላይ ጠጋ ብሎ፣ ሐሙስ መልሱ ሲመጣ ካሜራ ይዞ ማድቤት ቢገባ ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ትከሻዬን ዳሰስ አድርጎ፣ አዝኖ ነው የጠየቀኝ። «ካሜራህን ይዘህ ማድቤቴ ብትገባ በፈላ ዘይት ነው የምቀበልህ» አልኩት። ሙሚን እንዴት እንዳስተረጎመው እንጃ፣ ሰውየው አመሰግናለሁ ብሎ ሄደ።

ሐሙስ ሥራ ያዝኩ። የስድስት አልጋ አንሶላ አወረድኩ፣ አጠብኩ፣ ንጹሑንም ደግሜ አጠብኩ። በልቤ ባሺርን አነጋግረዋለሁ። አንተ ልጅ፣ ትዝ ይልሃል? ሲያምህ ማን ነበር ያደረ? ማን ነበር ያጎረሰህ? የልጅ ሆድ አይረሳም፣ አውቃለሁ፤ እኔ ያጎረሱኝን ሁሉ አስታውሳለሁ። ስሟን ሲሰማ ፊቱ ሲለዋወጥ ታየኝ። እናቴ ድሬዳዋ ሆና ሦስት ጊዜ ደወለች፣ አላነሳሁም። ስዕለት ተሳልኩ። ለማርያም ተሳልኩ፣ ለገብርኤል ተሳልኩ፣ ሙንተሃም በበኩሏ ዱዓ እያደረገች ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ቤቱ ጭር አለ፣ መዳምም ተኛች። ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ግድም አቡ አኒስ ወደ ማድቤት መጡ። ሳህን አልያዙም። በሩ ላይ ቆሙ።

«አገኘው?» አልኩ።

«አገኘው። በሩ ላይ፣ ብቻውን። ሰብሪና ናት አለው።»

«ምን አለ? ደነገጠ?»

«አልደነገጠም» አሉ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ወለሉን እያዩ ነበር የሚናገሩት። «‹አውቃለሁ› አለው። ያን ቀን ደረጃው ላይ ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። አገሯ ገባች ሲሉኝ እንዳላሳዝናቸው ብዬ ያመንኩ መሰልኩ እንጂ፣ ማን እንደሆነች አንድም ቀን ጠፍቶኝ አያውቅም አለ።»

«ውሸት ነው! አስጠንተውት ነው!»

«አኒስ ለመነው። ሦስቴም አይደለም፣ ደጋግሞ ለመነው። ልጁ አለቀሰ አለኝ። ከዚያ ‹ሌላ ሴት ብትሆን ይቅር እላት ነበር። የማላውቃት ሴት እናቴን ብትገድል ይቅር ማለት እችል ነበር። ሰብሪና ግን በእጇ ታጎርሰኝ ነበር፣ እንደ እናቴ ነበር የምወዳት› አለው። በሩን ዘጋ።»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያድናታል ያልኩት ነገር እሱ ነው፤ መውደዱ ነው። ሌላ ምንም አልነበረኝም። «ይደውሉ!» አልኳቸው። «እንደገና ይደውሉለት! እኔ ላናግረው፣ ልጁን እኔ ላናግረው፣ ስሙ የኔ ነው ይበሉት፣ ቪዛው የኔ ነበር ይበሉት፣ እኔን ይግደሉኝ!» ሽማግሌው ስልኩን አውጥተው ደወሉ። ዝግ ነው አለ። ደግመው ደወሉ፣ ዝግ ነው።

«ሐሙስ ከአስር ሰላት በኋላ ስልኩን ይዘጋል» አሉ። «እኔም እዘጋ ነበር።»

«ዮሳዲቅስ? ነግረዋታል?»

«አይነገራቸውም። ጠዋት ሲወስዷቸው ነው የሚያውቁት። የዋዜማው ዕለት ስልክ ይሰጧቸዋል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነግሯቸውም።» ይህን ብለው ሳይጨርሱ የኔ ስልክ ጮኸ። የእስር ቤቱ ቁጥር ነው። የወር ተራዋ ገና አሥር ቀን ይቀረው ነበር። አቡ አኒስ ቁጥሩን ከሩቅ አይተው አወቁት መሰለኝ፣ ከወንበሩ ተነስተው በረንዳው ላይ ወጡ።

አነሳሁት።

«ዓይኑ!» አለች። «ዛሬ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ያለ ተራዬ ደውዪ አሉኝ። ጥሩ ነገር ያለ ይመስለኛል። ሰማሽ ወይ? ባሺርን ጠየቁት?»

ምን ይባላል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? አንድ ሌሊት ቀርቷታል። ያቺን ሌሊት በምን ትደር? ማን እንደሆንሽ እያወቀ ነው እምቢ ያለው፣ ስለሚወድሽ ነው ይቅር የማይልሽ ልበላት? እውነቱን ለማወቅ ጠዋት ይበቃታል ብዬ አሰብኩ፤ ያሰብኩት እንኳ አይመስለኝም፣ ምላሴ ነው የቀደመኝ።

«ጠየቁት» አልኳት። «ይቅር ብሎሻል።»

ጮኸች። ስትስቅ ነው ስታለቅስ አልለየሁትም። «አላልኩሽም? አላልኩሽም ዓይኑ? ልጄ እኮ ነው!» አለች። ለእናታችን ንገሪያት አለችኝ፣ እሺ አልኳት። ባሺርን የማገኝበት መንገድ ካለ እግሩን ልስመው አለች፣ እሺ አልኳት። ድምፄ እንዳይሰበር ግድግዳውን በጥፍሬ ይዣለሁ።

«ታዲያ መቼ ነው የሚያወጡኝ?» አለች።

«ዓርብ» አልኳት።

«ዓርብ? ነገ እኮ ነው!» ብላ ወደ ኋላዋ ዞራ ለሴቶቹ በዓረብኛ ነገረቻቸው፣ እነሱም እልል አሉላት። እልልታው ሳያባራ አምስቱ ደቂቃ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ።